«ጥድ ስጡኝ» ከማለትዎ በፊት፦ የሐበሻ ጥድ፣ የፈረንጅ ጥድና ዝግባ ለወሎ ደጋ

ሰኔ ገብቶ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ዳር ካለ ችግኝ ሻጭ ዘንድ «ጥድ አለ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ከሁለት ዛፍ አንዱ ሊታፈስለት ይችላል፤ የሐበሻ ጥድ ወይም ከሜክሲኮና ከመካከለኛው አሜሪካ የመጣው የፈረንጅ ጥድ። ስማቸው ይገጥማል እንጂ ዕድገታቸውም፣ እንጨታቸውም፣ የሚወዱት መሬትም ለየቅል ነው። ዝግባን የጨመርነው ከጥዶቹ ጎን ሁልጊዜ ስለሚጠየቅ ነው።

መጀመሪያ መለየት። የሐበሻ ጥድ ችግኝ ቅጠሉ መርፌ ነው፤ ጨበጥ ሲያደርጉት መዳፍ ይወጋል። እያደገ ሲሄድ መርፌው ቀርቶ ቅርንጫፉ ላይ የተለጠፈ ቅርፊት መሳይ ቅጠል ይተካል። የፈረንጁም በሕፃንነቱ መርፌ ያወጣል፣ ግን ለስላሳ ነው፤ አይወጋም። ሻጩ ዘሩን የለቀመበትን ዛፍ ካሳየዎት ደግሞ ጥርጣሬ አይኖርም፦ የሐበሻው ፍሬ አተር የሚያህል፣ ሲበስል ወደ ሰማያዊ ጥቁር የሚያደላ እንክብል ነው፤ የፈረንጁ ግን ደረቅ፣ እንጨትማ፣ ሲደርቅ ተሰነጣጥቆ ዘር የሚበትን ነው። የዝግባ ቅጠል ጠፍጣፋና ረዘም ያለ ስለሆነ ከሁለቱም ጋር አይምታታም።

ብዙ ገዢ የሚሳሳተው በቁመት ነው። በአንድ ወቅት ከተዘሩ ችግኞች የፈረንጁ ዘለግ ብሎ ይታያል፤ የሐበሻው አጭርና ደረቅ ያለ ይመስላል። በተተከሉበትም ቦታ ልዩነቱ ይቀጥላል። ጥልቅና እርጥበት ያለው አፈር ያገኘ የፈረንጅ ጥድ በዓመት አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊመዘዝ ይችላል፤ የሐበሻው አብዛኛውን ጊዜ ግማሽ ሜትር አይሞላም። ዝግባም ቀርፋፋ ነው። ስለዚህ በአሥር ዓመት ውስጥ ቋሚና ማገር ቆርጦ መሸጥ የሚፈልግ ሰው የፈረንጁን ይውሰድ። የሐበሻውን የሚተክል ለልጁ ነው የሚተክለው።

እንጨቱ ላይ ሲደረስ ፍርዱ ይገለበጣል። የሐበሻ ጥድ ቀዩ እምብርት መዓዛ ያለው ሲሆን ምስጥን ይቋቋማል፤ ለአጥር ቋሚና ለጣሪያ ወራጅ የተመረጠው በዚህ ነው። ዳሩ ላይ ያለው ነጩ ክፍል ግን ይህ ብርታት የለውም፤ ቀጭን ግንድ ቆርጦ «ጥድ ነው» ብሎ መሬት ውስጥ መቅበር ራስን ማታለል ነው። የፈረንጁ እንጨት ቀለል ያለ፣ ለመላግም ለሚስማርም የሚመች ጣውላ ይወጣዋል፤ ሳይታከም መሬት ከነካ ግን ምስጥ ይፈጀዋል። ዝግባም ለቤት ዕቃ ግሩም ነው፣ ለአጥር ግን አይሆንም። ሌላው ስሕተት ከባሕር ዛፍ የመጣው፣ ከተቆረጠ በኋላ ከጉቶ ያቆጠቁጣል ብሎ የመጠበቅ ልማድ ነው፦ ሁለቱም ጥዶች ከጉቶ አያቆጠቁጡም። ከቆረጡ እንደገና መትከል አለብዎት።

መሬትዎን ይዩ። ድንጋያማ፣ አፈሩ የሳሳ ተዳፋት፣ ዝናቡም የማያስተማምን ከሆነ የሐበሻ ጥድ ይሻላል። የፈረንጁ እዚያ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ደህና ይመስልና ሥሩ ዐለት ሲነካ፣ በጋው ሲጠና ከላይ መድረቅ ይጀምራል። እንደ ጃማ ወረዳ ባለ ዋልካ (ጥቁር የሸክላ አፈር) ላይ ውኃ ስለሚተኛ ሁለቱም ይሠቃያሉ፤ ግድ ከሆነ አፈር ከምሮ በጉብታው ላይ መትከል ነው። በሜዳማ ደጋ፣ ለምሳሌ በቦሩ ሜዳ ዓይነት ቦታ፣ ቀዝቃዛው አየር ሌሊት ወርዶ ስለሚተኛ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ውርጭ ለጋውን ቅጠል ያቃጥላል። ዝግባ በልጅነቱ ጥላ የሚችል ዛፍ ስለሆነ ገላጣ ሜዳ ላይ ብቻውን ከማቆም በሌላ ዛፍ ተገን መትከሉ ይበጃል።

የፈረንጅ ጥድን የሚያሰጋው አንድ አፊድ (የዛፍ ጭማቂ የሚመጥ ትንሽ ተባይ) አለ። በአፍሪካ በ1986 እ.ኤ.አ. ማላዊ ላይ ታይቶ ወደ ምሥራቅ አፍሪካ ተዛመተ፤ የሐበሻውንም ይነካል። ምልክቱ ቅርንጫፉ ከውስጥ ወደ ውጭ ቡናማ እየሆነ መድረቁ፣ የሚያጣብቅ ፈሳሽና ጥቁር ሻጋታ ነው። ሙሉ መሬቱን በአንድ ዓይነት ዛፍ መሙላት የማንመክረው በዚህ ምክንያት ነው።

ስሌቱ ይህን ይመስላል፦ 2 በ2 ሜትር ከተተከለ አንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 625 ችግኝ ይፈልጋል፤ ለሚደርቀው አሥር በመቶ ሲጨመር 690 ያህል። ለጣውላ ከሆነ በኋላ ማሳሳት ግድ ነው፤ ያልሳሳ ጥድ ቁመት እንጂ ውፍረት አያወጣም። የሐበሻ ጥድ ወንዴና ሴቴው አብዛኛውን ጊዜ በተለያየ ዛፍ ላይ ነው፤ በችግኝነቱ አይለይም። ወደፊት ዘር ለመልቀም ያሰበ ሰው ሁለት ሦስት ዛፍ ተክሎ አይጠብቅ።

የፈረንጅ አገር የገና ዛፍ ዘር በፖስታ ለማስመጣት የሚያስቡም አሉ። ያ ዛፍ ፈር ይባላል፤ ፍሬው ቅርንጫፍ ላይ ቀጥ ብሎ ቆሞ እዚያው ይፈራርሳል። በአፍሪካ በራሱ የሚበቅለው ሞሮኮና አልጄሪያ ተራሮች ላይ ብቻ ነው። ዘሩ በደንብ እንዲበቅል ለሳምንታት እርጥብ ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ዕድገቱን የሚያቆመውም የቀኑን ማጠር ቆጥሮ ነው። የወሎ ቀን ደግሞ ክረምት ከበጋ ብዙም አይለዋወጥም። ገንዘብዎን አያባክኑ፤ ለበዓል ከሆነ የፈረንጅ ጥድ ቅርንጫፍ ይበቃል።

የትኛውንም ይምረጡ፣ ሲገዙ ከመቶው ሦስት አራቱን ከፕላስቲኩ አውጥተው ሥሩን ይዩ። ከታች እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ከሆነ ይተውት፤ ያ ዛፍ ዓመታት ቆይቶ በነፋስ ይወድቃል። ግንዱ እርሳስ የሚያህል፣ ቁመቱ ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር፣ ከመሸጡ በፊትም ውኃው ቀንሶለት ፀሐይ የለመደ ይሁን። ጉድጓዱን 40 በ40 በ40 ሳንቲ ሜትር አድርገው በግንቦት ቆፍረው የላዩን አፈር ለብቻ ያቆዩ፤ ዝናቡ አፈሩን ቢያንስ አንድ ስንዝር ሳያርስ አይትከሉ። በበልግ ዝናብ ተታልሎ የተተከለ ችግኝ በግንቦት ፀሐይ ያልቃል። ፕላስቲኩን ሙሉ በሙሉ ያውልቁ፣ የላዩን አፈር መልሰው ከታች ያስገቡ፣ በእግር ጠቅጠቅ ያድርጉት። ችግኙ በፕላስቲኩ ውስጥ ከነበረበት ጥልቀት በላይ አፈር አይልበስ፤ አንገቱ ከተቀበረ ይበሰብሳል።