የእኅቴን ወገብ ማን አሳረፈው? ጎንደር ላይ የተጠቀምንባቸው አገልግሎቶች

እናቴን ስትሮክ መትቷት ግራ ጎኗ ከደከመ ወዲህ የምታስታምማት ታላቅ እኅቴ ናት። ዘንድሮ የጥምቀት ግርግር ካለፈ በኋላ ከቶሮንቶ መጥቼ የተጠቀምንባቸውን አገልግሎቶች የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው። እናቴን ካገለገሉ በኋላ የእኅቴን ወገብ ምን ያህል አሳረፉት?

ከአዲስ አበባ ስንበር ትኬቱን በቆረጥንበት ጊዜ ዊልቸር እንደሚያስፈልገን አስመዘገብን፤ ይህን አስቀድሞ መናገር ይበጃል። በአፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ የተቀበሉን ወጣቶች ትሑታን ናቸው። ስለዚህ ከዚህ በላይ የምለው የለኝም።

የቤታችን መታጠቢያ ክፍል እስኪስተካከል ያደርንበትን ሆቴል ስሙን አልጠራም። በስልክ «ዊልቸር ይገባል» ብለውኝ ነበር፤ እውነትም እስከ አልጋው ድረስ ገባ። የመታጠቢያ ቤቱ በር ግን ጠባብ ነው። እኅቴ እናታችንን አቅፋ ስታስገባና ስታስወጣ ነጋ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ በአንቀጽ 36 ሕዝብ የሚገለገልበት ሕንፃ በዊልቸር ለሚሄዱም፣ መራመድ ችለው ደረጃ ለሚከብዳቸውም የሚመች መግቢያ እንዲኖረው፣ መጸዳጃውም እንዲመቻቸው ደንግጎ ነበር። ይህን ስነግረው ሥራ አስኪያጁ «አስተናጋጆቹ ያግዟችኋል» አለኝ። እገዛማ መች ጠፋ! ጎንደር ላይ ሰው ለማንሣት እጁን የማይዘረጋ አላየሁም። አንዲት አሮጊት ሽንት ቤት ለመግባት አስተናጋጅ ትጥራ ማለት ግን መስተንግዶ አይባልም።

ከሁሉም የበለጠችው ቤት ድረስ የመጣችው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ናት። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ይህን ሙያ በዲግሪ ያስተምራል፤ ማኅበረሰብ አቀፍ ተሐድሶ የሚባለውንም፣ አካል ጉዳተኞችን በሚኖሩበት ሰፈር የማገዝ ሥራ፣ ለዓመታት ሲያካሂድ ቆይቷል፤ እርሷም የተማረችው እዚያው ነው። እናቴን ታሻታለች ብዬ ስጠብቅ እኅቴን አስነሥታ ማስተማር ጀመረች። ወንበሩ በደኅናው ጎን በኩል ይቆማል፤ ፍሬኑ ይያዛል፤ የደከመውን ክንድ መሳብ ወይም ብብት ይዞ ማንሣት ክልክል ነው፣ ትከሻው ከቦታው ሊለቅ ይችላል።

«ታዲያ ምኗን ልያዛት?» አለች እኅቴ።

ባለሙያዋ የእናቴን መቀነት ወገቧ ላይ አጥብቃ አሰረችና በሁለት እጇ ያዘችው። ጉልበቷን አጠፍ አድርጋ «እማማ፣ ሦስት ስል ወደ ፊት ያዘንብሉ» አለች። እናቴ ተነሣች። ውጭ አገር ለዚሁ ሥራ የሚሸጥ ቀበቶ አለ፤ ገዝቼ ያመጣሁት እስከ ዛሬ ከሻንጣዬ አልወጣም።

አመጋገቡንም አስተካከለችው። እናቴን ቀጭን ውኃ ትን ስለሚላት ቀና ብላ ተቀምጣ እንደ አጥሚት ወፈር ያለ ነገር በትንሽ በትንሹ እንድትወስድ፣ ከበላች በኋላም ቶሎ እንዳትጋደም አዘዘች። ቆዳዋ እንዳይቆስል ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ ትገላበጥ ስትል ግን የእኅቴ ፊት ጠቆረ። እርሷስ መቼ ትተኛ? ተራ የሚይዝላት ሰው ፈልጉ ከማለት በቀር ባለሙያዋም መልስ አልነበራትም።

ቀጥሎ የማመሰግነው ከፒያሳ ወረድ ብሎ ያለውን በያጅ ነው። ደጃችን ላይ ሁለት ደረጃ አለ፤ ከፍታው 30 ሳንቲ ሜትር። ለአንድ እጅ ከፍታ አሥራ ሁለት እጅ ርዝመት በሚለው የተለመደ ልክ የዊልቸሩ መወጣጫ 3 ሜትር ከ60 ይፈልጋል፤ ግቢያችን ያን ያህል ቦታ የለውም። አሳጥሮ ቀጥ አድርጎ ሊሠራው ነበር። «የሚገፋት ማን ነው?» ብሎ ጠየቀና እኅቴን ሲያያት ሐሳቡን ቀየረ። ርዝመቱን ሳይነካ መሐሉ ላይ ማረፊያ ሰጥቶ፣ ከግድግዳው ጋር አጥፎ በላሜራ ሠራው፤ እንዳያንሸራትትም ቀጫጭን ብረት በየደበት። ዋጋው ቀላል አይደለም። ለቀለም የሚጠይቀውን ግን ተከራከሩት።

የባጃጅ ሾፌሮቹ ዊልቸሩን አጥፈው ከኋላ ያስሩታል፤ ኮንትራት ተስማምቶ መያዝ ይሻላል። ውክልና ለመስጠት የሄድንበት መሥሪያ ቤት ፎቅ ላይ ነው፤ ሠራተኛው መዝገቡን ይዞ ወደ ባጃጁ ወረደልን። እንዲህ ያለ ሰው ባይገጥመን ኖሮ ተመልሰን ነበር።

ፈልጌ ያጣሁት እናቴን ለግማሽ ቀን ተረክቦ እኅቴን ደብረ ብርሃን ሥላሴ የሚያስቀድሳት ነው። ቶሮንቶ ውስጥ አስታማሚን የሚያሳርፍ አገልግሎት በወረፋም ቢሆን ይገኛል። እዚህ ያንን የሚሸፍኑት ጎረቤቶች ናቸው፤ አነሣሡን ስለማያውቁ ግን እኅቴ ትታቸው ለመሄድ ትፈራ ነበር። ስለዚህ ባለሙያዋን እንደገና ከፍለን ጠራናት፤ በቡና ሰዓት መጥታ ሴቶቹን አንድ በአንድ መቀነቱን አስያዘቻቸው። በዚያው ሳምንት እሑድ እኅቴ ነጠላዋን ለብሳ ወጣች።

ከውጭ ዊልቸር ለምታመጡ አንድ ነገር ልጨምር። የፊት ጎማው ትንሽና ቀጭን የሆነው ለኮብልስቶን አይሆንም፤ በየስንጥቁ እየተሰነቀረ የተቀመጠውን ሰው ወደ ፊት ይወረውራል። ሰፋፊ የፊት ጎማ ያለውን ምረጡ፤ ትርፍ ጎማና የመቀመጫ ትራስም ያዙ።