የላቀ እንግሊዝኛ ቃላት ለማካበት ምን ይገዛ? መዝገበ ቃላት፣ የመልመጃ መጽሐፍ፣ የፈተና ቃላት ዝርዝርና ካርድ ጎን ለጎን

ደብረ ማርቆስ ወይም ባሕር ዳር መጽሐፍ ቤት የገባ ገዢ ቶሎ የሚያየው ሽፋኑ ላይ በትልቁ የተጻፈውን የቃላት ብዛት ነው። ቁጥሩ ግን ብዙም አይነግረውም። ዩኒቨርሲቲ የገባ ተማሪ «ኤቪደንስ» ማስረጃ መሆኑን አሳምሮ ያውቃል፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ ግን «ኤቪደንስስ» ብሎ ያበዛዋል፤ በአማርኛ «ማስረጃዎች» ስለምንል። «ዲስከስ» መወያየት መሆኑንም ያውቃል፤ ሲጽፍ ግን «ዲስከስ አባውት» ይላል፤ «ስለ» ሳንል ስለማንወያይ። «ኤምፈሳይዝ» ሲል «ኦን» ይጨምርበታል፤ እኛ ትኩረት የምናደርገው አንድ ነገር «ላይ» ስለሆነ። ይህ ተማሪ ትርጉም አልቸገረውም። የቸገረው ቃሉ ከማን ጋር ሄዶ ከማን ጋር እንደማይሄድ የሚያሳየው ዓረፍተ ነገር ነው። ስለዚህ ከታች ያሉትን አማራጮች የመዘንናቸው በአንድ ሚዛን ነው፦ ገዢው ለከፈለው ገንዘብ ምን ያህል ጥሩ ምሳሌ ያገኛል?

እንግሊዝኛ–አማርኛ መዝገበ ቃላት

ለሚዳሰስ ነገር የሚወዳደረው የለም። «ባርሊ» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ብቻ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ቢያዩ «ለፍሬው የሚዘራ የእህል ዓይነት» የሚል ማብራሪያ ያገኛሉ፤ ገብስ ይሁን ስንዴ፣ አንብበው ጨርሰውም አልለዩም። የአማርኛው «ገብስ» ብሎ በአንድ ቃል ይገላግላል። የዕቃ፣ የአካል ክፍል፣ የበሽታ፣ የዕፅዋት ስም ሁሉ እንዲሁ ነው።

ችግሩ የሚመጣው ቃሉ ረቂቅ ሲሆን ነው። «ሪላክተንት» ለሚለው «ዳተኛ» ወይም «እምቢተኛ» የሚል ፍቺ ያገኘ ሰው ሰነፍ ተማሪን «ሪላክተንት» ብሎ ይገልጻል። የቃሉ ልብ ግን እያቅማሙ ማድረግ ነው፤ ሰውየው በመጨረሻ ሊያደርገውም ይችላል። «ስቲል» እና «ሮብ»ም በአማርኛው በኩል «ሰረቀ»፣ «ዘረፈ» ሆነው ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። በእንግሊዝኛው «ስቲል» የሚከተለው የተወሰደው ዕቃ ነው፤ «ሮብ» የሚከተለው ደግሞ የተዘረፈው ሰው ወይም ቦታ ነው። ይህን ልዩነት ያለ ምሳሌ ማንም አያስተውለውም።

ስለዚህ ይህ ረዳት መጽሐፍ ነው። አነስ ያለ፣ በኪስ የሚያዝ ይበቃል። ስልክ ላይ በነጻ የሚገኙት የእንግሊዝኛ–አማርኛ መተግበሪያዎች አብዛኞቹ ቃላት ደርድረው ዓረፍተ ነገር አይሰጡም፤ ለዚህ ሥራ ግን እነሱም አያንሱም።

ለተማሪ የተዘጋጀ እንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት

ገንዘቡ ለአንድ ነገር ብቻ ከበቃ እዚህ ላይ ይዋል እንላለን። ግን ሁሉም እንግሊዝኛ–እንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ለተማሪ የተሠራ አይደለም። እንግሊዝኛ አፍ መፍቻቸው ለሆነ ሰዎች የተዘጋጀው ከባዱን ቃል በሌላ ከባድ ቃል ይፈታል፤ አንዱን ፍለጋ ገብተው ሦስት ሲያሳድዱ ይውላሉ። ሽፋኑ ላይ «ለርነርስ» የሚል ቃል መኖሩን ይዩ፤ የሎንግማኑ ብቻ ይህን ቃል ሳይጽፍ ለተማሪ የተሠራ ነው።

ሎንግማን ከ1978 ጀምሮ (እዚህ ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የሚታወቅበት ነገር ማብራሪያዎቹን በሙሉ በ2000 ያህል ቀላል ቃላት ብቻ መጻፉ ነው። እነዚያን 2000 የያዘ አንባቢ ማብራሪያ አይከብደውም። በንግግርና በጽሑፍ ዘወትር የሚያገለግሉትን ቃላት በቀይ ያትማል፤ ጀማሪም የላቀውም ጊዜውን የትኛው ላይ እንደሚያውል ያያል። ከዩኒቨርሲቲ መግቢያ በታች ላለ ሰው ከእሱና ቀጥለው ከሚመጡት ሦስቱ የምንመርጠው ይህን ነው።

ኦክስፎርድ መነሻው ሆርንቢ የተባለ እንግሊዛዊ መምህር በ1942 ጃፓን ውስጥ ያሳተመው መዝገበ ቃላት ሲሆን 10ኛው እትም በ2020 ወጥቷል። ጥንካሬው ሰዋስው ላይ ነው፦ ስሙ የሚቆጠር መሆን አለመሆኑን፣ ግሱ ምን እንደሚያስከትል ከምሳሌው በፊት በአጭር ምልክት ይነግራል። 3000 መሠረታዊ ቃላትን ለይቶ ያመለክታል፤ አዲሱ እትም ለላቁ ተማሪዎች 2000 ተጨማሪ ቃላት ለይቷል። ለሚጽፍ ሰው፣ በተለይ የመመረቂያ ጽሑፍ ለሚያዘጋጅ፣ የእኛ ምርጫ ይህ ነው።

ኮሊንስ ኮቢልድ በ1987 ሲወጣ ይዞት የመጣው ዘዴ ቃሉን በሙሉ ዓረፍተ ነገር መፍታት ነው። «አንድ ነገር መጥፎ ሁኔታን ኤግዛሰርቤት ካደረገ፣ ያንን ሁኔታ ያባብሰዋል» በሚል አኳኋን ይጽፋል። ልብ ይበሉ፤ ከፍቺው ውስጥ ቃሉ የሚሄደው ከመጥፎ ነገር ጋር ብቻ መሆኑ ተነገረዎት። «የምርት እድገትን ኤግዛሰርቤት አደረገ» የሚል ስህተት ከዚህ በኋላ አይሠሩም። ማብራሪያው ስለሚረዝም ፈልጎ ለማግኘት ትንሽ ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ለቃላት ፍቅር ላለው አንባቢ ግን ዋጋ አለው።

ካምብሪጅን በወረቀት መግዛት ብዙም አያስፈልግም። በኢንተርኔት በነጻ ይገኛል፤ ለብዙ ቃላት በየትርጉማቸው ደረጃ ይሰጣል። አንድ ቃል በአንዱ ትርጉሙ የጀማሪ፣ በሌላው የላቀ ሊሆን እንደሚችል ማየት ብዙ ያስተምራል። የሌሎቹ ሦስቱም በኢንተርኔት ነጻ ስለሆኑ፣ ባሕር ዳር ተቀምጦ ዳታ የማያጣ ሰው የወረቀቱን ባይገዛም አይጎዳም። ሞጣ ወይም ቢቸና አካባቢ ሆኖ ኔትወርክ ለሚቆራረጥበት ግን ከአንድ ኪሎ በላይ የሚመዝነው ወረቀት ነው የሚያዋጣው። ከነጻ መተግበሪያዎች ይጠንቀቁ፤ ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት ብዙዎቹ ይዘታቸውን የሚወስዱት ፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ለቋንቋ ምርምር ካዘጋጀው ዎርድኔት ነው። ትርጉሙን አሥር ቦታ ይበትነዋል፤ ምሳሌው ትንሽ ነው፤ የሚቆጠርና የማይቆጠር ስም አይለይም።

ከመክፈልዎ በፊት መጽሐፉን እዚያው ቆመው ይፈትኑት። አምስት ደቂቃ ይበቃል። «ኤቪደንስ»ን ይክፈቱ፤ የማይቆጠር መሆኑን የምታመለክተው «ዩ» ፊደል አለች? «ዲስከስ»ን ይክፈቱ፤ ምሳሌዎቹ ያለ «አባውት» ተጽፈዋል? ጥሩ ከሆነ ከነማስጠንቀቂያው ያገኙታል። «ሪላክተንት» ጋ «ቱ» እና ግስ እንደሚከተሉት ይታያል? «ሮብ» ጋ የተዘረፈው ሰው ነው ወይስ ዕቃው? «ኤግዛሰርቤት» ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓረፍተ ነገር አለው? ከአምስቱ ሁለቱን የወደቀ መጽሐፍ ይመልሱ፤ ሽፋኑ ላይ 50,000 ቃል ቢልም።

ቅጂ መጽሐፍ ገበያው ላይ ብዙ ነው። በጥቁርና ነጭ የተባዛ ከሆነ ቀይ ወይም ሰማያዊ የነበሩት ዋና ቃላት ከሌላው ጋር ተመሳስለው ይጠፋሉ፤ የከፈሉበት ምልክት የለም ማለት ነው። የአነባበብ ምልክቶቹን በቅርበት ይዩ፤ ጥቃቅን ነጥቦችና የጭረት ምልክቶች ከፈሰሱ ድምፁ የትኛው ክፍለ ቃል ላይ እንደሚጠነክር መለየት አይቻልም። መጽሐፍ የሚጠረዘው በ16 ወይም በ32 ገጽ ጥራዝ ስለሆነ፣ ሲጎድልም በጅምላ ነው፤ የገጽ ቁጥሩን በየአሥሩ እያዩ ይለፉ። ከቆዩ እትሞች ጋር ለሚመጣው ሲዲ ተጨማሪ አይክፈሉ። በ2010 የወጣ የኦክስፎርድ 8ኛ እትም ንጹሕ ከሆነ ከተበላሸ የ10ኛ እትም ቅጂ ይሻላል፤ «ሪላክተንት» በአሥር ዓመት ትርጉሙን አልቀየረም።

የመልመጃ መጽሐፍ

እዚህ የታወቀው የካምብሪጁ «ኢንግሊሽ ቮካቡላሪ ኢን ዩዝ» የላቀ ደረጃ ነው። ወደ 100 ምዕራፎች አሉት፤ እያንዳንዱ ሁለት ገጽ ነው፤ ግራው ማብራሪያ፣ ቀኙ መልመጃ። በሳምንት ሦስት ምዕራፍ የሚሠራ ሰው በስምንት ወር ገደማ ይጨርሰዋል። መዝገበ ቃላት የማይሰጠውን አንድ ነገር ይሰጣል፦ ቃላቱን በርዕስ ሰብስቦ፣ አንዱን ከጎረቤቱ እያነጻጸረ ያቀርባል።

ሲገዙ ሦስት ነገር ያረጋግጡ። ደረጃው፤ በዚሁ ስም የጀማሪና የመካከለኛ መጻሕፍትም ስላሉ ሽፋን ብቻ አይቶ የወሰደ ብዙ ጊዜ ይሳሳታል። መልሱ፤ ከኋላ ከሌለ ብቻውን ለሚያጠና አይጠቅምም። ንጽሕናው፤ ያገለገለ ከሆነ ቀኙ ገጽ በእስክሪብቶ ተሞልቶ እንደሆነ የመጽሐፉ ግማሽ ሞቷል። በእርሳስ የተሞላ ከሆነ በላጲስ ይድናል።

የፈተና ቃላት ዝርዝር

የጂአርኢና የሳት (አሜሪካ ለድኅረ ምረቃና ለኮሌጅ መግቢያ የሚወሰዱ ፈተናዎች) ቃላት መጻሕፍት በርካሽ ይሸጣሉ፤ ምክንያት አለው። ሳት ባዶ ቦታ በብርቅዬ ቃል የማሟላት ጥያቄዎቹን በ2016 አስወጥቷል፤ ጂአርኢም ተቃራኒና ተዛማጅ ቃል የሚጠይቁትን በ2011 ትቷል። ከዚያ በፊት የታተመ መጽሐፍ ለሌለ ፈተና ያዘጋጃል። አይልትስ የተባለውን የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተና የሚወስድም ከዚህ ብዙ አያገኝም፤ በጽሑፍና በንግግር ፈተናው ቃላት የነጥቡን ሩብ ይይዛሉ፤ የሚለካው ግን ቃሉን በትክክለኛ ቦታው ማዋል ጭምር ነው።

ዝርዝር ካስፈለገ ነጻውን ይውሰዱ። የቋንቋ ተመራማሪዋ አቬሪል ኮክስሄድ በ2000 ያወጣችው የአካዳሚክ ቃላት ዝርዝር 570 የቃል ቤተሰቦች (ከአንድ ቃል የሚወጡ ቃላት ስብስብ) አሉት፤ ከአካዳሚክ ጽሑፍ አሥር በመቶ ያህሉን ይሸፍናል። በድግግሞሽ ተከፋፍሎ ስለተዘጋጀ ከመጀመሪያዎቹ 60 ይጀምሩ። በቀን ስምንት ቢይዙ በ72 ቀን ይዳረሳል። ዝርዝሩ ትርጉምም ምሳሌም የለውም፤ ሁለቱንም የሚሞላው ከላይ የመረጡት መዝገበ ቃላት ነው።

ካርድ፦ በወረቀት ወይስ በስልክ?

የያዙት ቃል እንዳይጠፋ የሚያደርገው በተራራቀ ጊዜ ደጋግሞ መጠየቅ ነው። በስልክ የሚሠራው አንኪ የተባለው የካርድ መተግበሪያ በአንድሮይድና በኮምፒውተር ነጻ ነው፤ በአይፎን ይከፈልበታል። አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ብዙ ሰው የሚያቋርጥበት ምክንያት አንድ ነው፦ መተግበሪያው ራሱ በቀን 20 አዲስ ካርድ እንዲያመጣ ተደርጎ ስለሚመጣ፣ በጥቂት ሳምንታት ክለሳው በቀን ከመቶ ይበልጣል። የመጀመሪያ ቀን ላይ ወደ 8 ዝቅ ያድርጉት። ሰው የሠራውን ዝግጁ ጥቅል አያውርዱ፤ ዓረፍተ ነገር የሌለው ጥቅል የፈተና ዝርዝሩን መልሶ በስልክ ማምጣት ነው። በወር አንዴም ፋይሉን ወደ ሌላ ቦታ ይገልብጡ፤ ስልክ ሲጠፋ የስድስት ወር ድካም አብሮ ይሄዳል።

መብራት ለማይታመንበት ቦታ የወረቀቱ አያሳፍርም። ጠንከር ያለ ኤፎር ወረቀት ሦስት ጊዜ ቢታጠፍ ስምንት ካርድ ይወጣዋል፤ 570ውን ቃል 72 ወረቀት ይበቃዋል። የጫማ ካርቶን አምስት ቦታ ይከፍሉና የመጀመሪያውን በየቀኑ፣ ሁለተኛውን በየሁለት፣ ሦስተኛውን በየአራት፣ አራተኛውን በየስምንት፣ አምስተኛውን በየ16 ቀን ይከልሳሉ። ያወቁት ካርድ ወደፊት ይሻገራል፤ የተሳሳቱት ወደ መጀመሪያው ይመለሳል። ከአንኪ የሚያንሰው ቀን መቁጠሩ በእርስዎ ላይ መውደቁ ነው፤ የሚበልጠው ደግሞ በእጅ መጻፉ ፊደሉን ማስያዙ ነው።

በሁለቱም ካርዱ ላይ የሚጻፈው አንድ ዓይነት ነው። ፊት ለፊቱ ቃሉ የጎደለበት ዓረፍተ ነገርና የቃሉ የመጀመሪያ ፊደል፤ ጀርባው ላይ ቃሉ፣ አጭር ፍቺው፣ የሚያስከትለው ነገር። ከፊቱ ቃል፣ ከጀርባው አማርኛ የሚጽፍ ሰው ቃሉን ሲያይ ማወቅን ብቻ ይለማመዳል፤ ሲጽፍ አይመጣለትም።

ከመዝገበ ቃላቱ ምሳሌ ቀጥሎ የራስዎን አንድ ዓረፍተ ነገር ይጨምሩ። ዋሸራና ጎንጅ የቅኔ ተማሪ ግስ አጥንቶ ብቻ አይቀመጥም፤ ባጠናው ሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ቆጥሮ መምህሩ ፊት ያቀርባል፤ መምህሩ ያርመዋል። የእንግሊዝኛውም ቃል እንዲሁ በሚያውቁት ነገር ላይ ሲውል ይጸናል። ለ«ፕሮሊፈሬት» ጣና ላይ የተስፋፋው እምቦጭ፣ ለ«ኤግዛሰርቤት» በጮቄ ተዳፋት ላይ ማረስ የአፈር መሸርሸርን ማባባሱ፣ ለ«ሚቲጌት» ኖራ የአፈርን አሲድነት ማቃለሉ፦ «ላይም ሚቲጌትስ ሶይል አሲዲቲ»። አራሚ ከሌለዎት ግን በመዝገበ ቃላቱ ምሳሌ መዋቅር ላይ ስሞቹን ብቻ ይቀይሩ። ከአማርኛ ቀጥታ ያመጡት ዓረፍተ ነገር ከተሳሳተ ካርዱ ስህተቱን በየጊዜው እያስጠና ያጸናዋል።

አንኪ ስምንት ጊዜ የተረሳን ካርድ ለይቶ ምልክት ያደርግበታል። በወረቀቱም ተመላልሶ የመጀመሪያው ክፍል የሚገኘውን ካርድ በቀይ ያመልክቱ። እንዲህ ያለው ቃል አብዛኛውን ጊዜ ከሚመስለው ሌላ ቃል ጋር ተምታቶ ነው፤ ሁለቱን በአንድ ካርድ ላይ፣ ለየብቻ ዓረፍተ ነገር ሰጥተው እንደገና ይጻፉት።