ደሴ ላይ ልጅ ኳስ የት ይግባ ለምትሉ፣ ስለ ፓስተሩ ፕሮጀክት

ልጄን የት ፕሮጀክት (የልጆች ኳስ ማሰልጠኛ) ላስገባ እያላችሁ ለምትጠይቁ የደሴ ወላጆች የኔ መልስ ፓስተሩ ጋ ነው። ስማቸውን እዚህ አልፅፍም፣ እንዲጠራ አይወዱም፣ ግን ሆጤ አካባቢ ቅዳሜ ጠዋት ፊሽካ የሚነፉት አባት ብላችሁ ጠይቁ፣ የባጃጅ ሹፌሩ ሁሉ ያሳያችኋል፣ ግማሾቹማ ራሳቸው እሳቸው እጅ ያደጉ ናቸው።

እኛ ሙስሊም ነን፣ መጀመሪያ ላይ ባለቤቴ "ፓስተር ጋ ሄዶ ምን ሊማር ነው" ብሎ ትንሽ ከብዶት ነበር። ታላቅ ወንድሜ ነው ያረጋጋው፣ እሱ ልጅ እያለ ያሰለጠኑት እሳቸው ናቸው፣ ለትምህርት ቤት ውድድርም ይዘውት ይወርዱ ነበር። እውነትም ሜዳ ላይ ስብከት የሚባል ነገር የለም። ልምምድ ከመጀመሩ በፊት "ሁላችሁም እንደየቤታችሁ ፀልዩ" ይላሉ፣ የኔ ልጅ ቢስሚላህ ይላል ጓደኛው ያማትባል ከዛ ቀጥታ ወደ ሩጫ። ረመዳን ላይ ደሞ ለፆመኞቹ ሩጫ የለም፣ ቆመው ፓስ መቀባበልና ቦታ አያያዝ ብቻ፣ ይሄን ማንም ሳይጠይቃቸው ነው የሚያደርጉት።

አሁን ወደ ስልጠናው ልምጣ፣ ምክንያቱም ደግነት ብቻ ቢሆን ይሄን ሁሉ አልፅፍም ነበር። ሰውየው ስራቸውን ያውቃሉ። ከ12 አመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ኳስ ነው የሚሰጡት፣ ትልቁን 5 ቁጥር አያስነኳቸውም፣ ሌላ ቦታ ግን ትንንሾቹ ልጆች በትልቅ ኳስ ሲታገሉ ነው የማየው። ቴስታም፣ ማለትም ኳስ በጭንቅላት መምታት፣ ለትንንሾቹ የለም። አንዱ አባት ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው "አሜሪካኖች እንኳን 10 አመትና ከዛ በታች ላሉ ልጆች ከልክለውታል፣ የልጅ ጭንቅላት ገና ነው" አሉት፣ አንድ ልጅ ከሌላው ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ከተጋጨ ደሞ ደህና ነኝ ቢልም በዛን ቀን ተመልሶ አይገባም፣ ይሄ ላይ ከሳቸው ጋር ክርክር የለም።

አንዴ ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጄ በረኛ ነው፣ በግራ በኩል አንድ ቀላል ኳስ ገባበትና አንገቱን ደፋ፣ ጓደኞቹም መጮህ ጀመሩ። ጨዋታውን አላስቆሙም፣ እየተራመዱ ሄደው ከጎሉ ጀርባ ቆሙ፣ ከዛ ቀስ ብለው "እጅህ ደህና ነው፣ እግርህ ነው የዘገየው፣ ኳሱ ሳይመጣ በፊት ግማሽ እርምጃ ወደዛ" አሉትና እዛው መረቡ ጋ ቆመው ቀጣዩን ኳስ ከሱ ጋር ጠበቁ። ቀጣዩን ያዘው። ምንም አላሉትም፣ ጀርባውን መታ አድርገውት ሄዱ። ቤት ገብቶ ማታ ሙሉ ሳሎን ውስጥ ግማሽ እርምጃ ሲለማመድ ነበር፣ ሶፋዬን ቢያንቀሳቅስብኝም ዝም አልኩት።

ደካማ ተጫዋች የሚባል ልጅ አግዳሚ ላይ ቁጭ ብሎ አይቀርም፣ ሁሉም ይገባል። ግን ካርድ ይጠይቃሉ። ሴሚስተር ሲያልቅ ልጁ የትምህርት ቤት ካርዱን ይዞ ይመጣል፣ ውጤቱ የወረደ ልጅ አይባረርም፣ ከልምምድ በኋላ ትልልቆቹ ልጆች ያስጠኑታል፣ ሂሳብ የሚያስጠናው ልጅ ደሞ አንዳንዴ የቡድኑ አጥቂ ነው፣ ስለዚ ትንንሾቹ በደስታ ነው የሚቀመጡት።

የትምህርት ቤቶች ጨዋታ ሲኖር ኮምቦልቻ ይወርዳሉ፣ ሚኒባስ ለምነው ነዳጁን ከወላጅ አሰባስበው። የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርዱ ውሃ ያስጠጧቸዋል። መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ቢሆንም ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ከ1,900 በታች፣ የኛ ልጆች ብርድ ለምደው ሙቀቱ ውስጥ ሲገቡ ሁለተኛው አጋማሽ ላይ ይዝላሉ፣ ይሄን ሳያስብ የሚወስዳቸው አሰልጣኝ ብዙ ነው።

በ2014 ጦርነቱ ከተማችን ገብቶ ትምህርት ቤቶች ሲዘረፉ የሳቸውም ኳሶች፣ ማልያዎች፣ ኮኖች ሄዱ። ኅዳር መጨረሻ ደሴ ስትመለስ ሰዉ ገና ቤቱን እየጠረገ እሳቸው ልጆቹን ሰብስበው በጨርቅ ኳስ አጫወቷቸው። ያኔ እኔ በአጥሩ በኩል እያለፍኩ የልጆች ጩኸት ስሰማ እንባዬ መጣ፣ ለሳምንታት የሰማነው ሌላ ድምፅ ነበርና።

የሚጎድለውን ልንገራችሁ። ሜዳው ክረምት ላይ ጭቃ ነው፣ በጋ ላይ አቧራ፣ ሽንት ቤት በቅርብ የለም፣ ለሴት ልጆች የተለየ ሰአት የላቸውም፣ ሴቶቹ ከወንዶቹ ጋር ነው የሚጫወቱት፣ ሲያድጉ አንዳንዶቹ ይቀራሉ። ይሄ ያሳዝነኛል፣ አንዲት ሴት አሰልጣኝ ብታግዛቸው ብዙ ልጅ ይቀጥል ነበር። እሳቸውም ጉልበታቸው እየደከመ ነው፣ አሁን ሩጫውን የሚመሩት ድሮ ያሰለጠኗቸው ልጆች ናቸው።

ክፍያ የለም። ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰአት ላይ ይጀምራል፣ እሳቸው ግን ቀድመው ይደርሳሉ፣ ስለዚ መጀመሪያ ቀን ቀደም ብላችሁ ሂዱና አናግሯቸው። ታኬታ ግዴታ አይደለም፣ ሸራ ይበቃል። ውሃ በኮዳ ያዙለት፣ የልጁን እድሜ በትክክል ንገሯቸው ምክንያቱም ቡድን የሚከፍሉት በዛ ነው፣ አስም ወይም ሌላ ህመም ካለበትም እዛው ንገሯቸው፣ ደብተራቸው ላይ ይፅፉታል። ቤታችሁ ውስጥ የተቀመጠ ያረጀ 4 ቁጥር ኳስ ካለ ደሞ ይዛችሁ ሂዱ።