ጎንደር ላይ የት ዋኘን?

ለጥምቀት ጎንደር ገብተን ነበር፤ እኔና የ11 ዓመት ልጄ፣ ከስቶክሆልም። ሦስት ሳምንት ቆየን። ለሚሄድ ሰው ይጠቅማል ብዬ ስለተጠቀምንባቸው ነገሮች ማስታወሻ ስይዝ ነበር። ቤት ገብቼ ሳነበው ከግማሽ በላይ ስለ ውሃ ሆኖ አገኘሁት። ስለዚህ ሌላውን ቶሎ ልጨርሰው።

ከአዘዞ ኤርፖርት ወደ ከተማ የሚወስዳችሁን ባጃጅ ሳትገቡ በፊት ዋጋ ተስማሙ፣ ከዚያ በኋላ ሰዎቹ ጨዋ ናቸው። የግንቡ አስጎብኚያችን በጣም ጎበዝ ነበር፤ ልጄ በስዊድንኛ እያሰበ በአማርኛ የሚጠይቀውን ሁሉ በትዕግሥት መለሰለት። የግንቡን ቲኬት አትጣሉት፣ እኛ በዚያው ቲኬት የፋሲለደስ መዋኛንም አይተናል። ምግብ ላይ ቅሬታ የለኝም። መብራትና ውሃ ይጠፋል፣ ያንን እያወቃችሁ ሂዱ።

አሁን ወደ ገንዳው።

ልጄ ውሃ ካላገኘ ዕረፍት የሚመስለው ልጅ አይደለም። የእህቴ ልጅ ደግሞ 9 ዓመቷ ነው፣ ከመታጠቢያ ሳፋ የሚበልጥ ውሃ ውስጥ ገብታ አታውቅም። ሁለቱንም ይዤ ገንዳ ወዳለው አንድ ሆቴል ሄድኩ። ስሙን አልጠራም፣ ምክንያቱም ችግሩ የእሱ ብቻ አይደለም። ለሦስት ሰው መግቢያ የከፈልነው ለምሳ ከከፈልነው በለጠ። የጎንደር መምህር ልጆቹን ይዞ በየሳምንቱ እዚያ ሊመላለስ አይችልም፣ ነገሩ ከዚህ ይጀምራል።

ውሃው ንጹሕ ነበር። ግን ጥልቀቱ የት ጋ እንደሚጨምር የሚናገር አንድ ጽሑፍ የለም፣ ነፍስ አድን ሠራተኛ የለም፣ የሚወረወር ተንሳፋፊ ቀለበት እንኳ የለም። የልብስ መቀየሪያው አንድ ክፍል ነው፣ በሩ አይዘጋም። የእህቴን ልጅ ልብስ ስቀይርላት ነጠላዬን ይዛልኝ የቆመችው የማላውቃት ሴት ናት፣ እግዚአብሔር ይስጣት። ሴት ልጅ እንድትዋኝ ከተፈለገ የሚዘጋ በር ከውሃው እኩል ያስፈልጋል።

እዚያ ያገኘሁት ምርጡ ነገር ገንዳውን የሚጠብቀው ልጅ ነው። ዕድሜው ከ25 አይዘልም። ስጠይቀው ደስ ብሎት ከግድግዳው ጀርባ ወዳለችው ጠባብ ክፍል አስገባኝ። ፓምፑን አሳየኝ፣ በአሸዋ የተሞላውን ማጣሪያ አሳየኝ፣ ግፊት መለኪያው ላይ ቀስቱ የት ሲደርስ ማጣሪያውን በግልባጭ ውሃ እንደሚያጥብ አሳየኝ። ከዚያ በትንሽዬ ብልቃጥ ከገንዳው ውሃ ቀድቶ ጠብታ ጨመረበት። ውሃው ቢጫ ሆነ። ብልቃጡን ወደ ፀሐይ አንስቶ ከቀለም መለኪያው ጋር አስተያየውና «ዛሬ ክሎሪኑ ደህና ነው፣ ከ1 በላይ ነው» አለኝ። በሊትር ከ1 እስከ 3 ሚሊግራም መሆን አለበት፣ ልጁ በደንብ ያውቀዋል።

«መብራት ሲሄድስ?» አልኩት።

«ያን ጊዜ ፓምፑ ይቆማል። ጄኔሬተሩን ለኩሽናው ነው የሚያስነሱት። ሁለት ቀን ሦስት ቀን ከቆየ ውሃው መደፍረስ ይጀምራል፣ ከዚያ አረንጓዴ ይሆናል። ያኔ ዘግተን ክሎሪን ጨምረንበት መጠበቅ ነው። ካልሆነ ደፍቶ በቦቴ መሙላት ነው፣ እሱ ደግሞ ውድ ነው እትዬ።»

ይህንን ንግግር ልብ በሉልኝ። በኋላ እመለስበታለሁ።

ጥምቀት። ስለ ጥምቀት በዓል ምን ብዬ ልግለጽ፣ ያየው ያውቀዋል። ከቀሃ ወንዝ በቦይ የመጣው ውሃ ያንን ሰፊ የፋሲለደስ መዋኛ ሞልቶት፣ የአጥሩን ድንጋይ እንደ ጣት የጨበጡት የዛፍ ሥሮች ላይ ልጆች ተንጠላጥለው፣ ሌሊቱን ሙሉ ማሕሌት ሲቆም አደረ። ጥር 11 ንጋት ላይ ውሃው ተባርኮ ሲያበቃ ወጣቱ ዘለለ። ልጄ እኔም ልዝለል ብሎ እጄን ጎተተኝ፣ በዚያ ግፊያ ውስጥ አልፈቀድኩለትም። እሱ ግን ዓይኑ ሌላ ነገር ላይ ነበር። «እማ፣ ያ ልጅ መዋኘት አይችልም» አለኝ። እውነቱን ነው። ከዘለሉት አንዳንዶቹ ሁለት ሦስት ጊዜ እጃቸውን ካወራጩ በኋላ የድንጋዩን ጠርዝ ይዘው ይቀራሉ፣ ጓደኛ ይጎትታቸዋል። «የት ነው የሚማሩት?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

በአገሪቱ የታወቀው ጥንታዊ መዋኛ ያለው ጎንደር ነው። በዓመት አንዴ ይሞላል። ከተማው ግን ልጆቹን ዋና የሚያስተምርበት የሕዝብ ገንዳ አላየሁም። አንድ ዘመዴ ለምን ይሄንኑ ዓመቱን ሙሉ አይሞሉትም ሲል አንድ ሽማግሌ ቆጣ ብለው «እሱ ጥምቀተ ባሕር ነው ልጄ፣ የልጅ መንቦጫረቂያ አይደለም» አሉት። ከእሳቸው ጋር ነኝ። እሱ ይቅር፣ ባለበት ይከበር። ልጆቹ የራሳቸው ይኑራቸው።

ይህ ጉዳይ ለምን እንደሚያንገበግበኝም ልናገር። ሰባተኛ ክፍል ሆነን በክረምት አብሮ አደጌን ቀሃ ወሰደው። ቦታው ሁልጊዜ የምንሻገርበት ነበር። ያን ቀን ላይ በኩል ዘንቦ ነበር መሰለኝ፣ ውሃው ድንገት ሞላ። አምስት ነበርን፣ አንዳችንም መዋኘት አንችልም። እየጮህን ዳር ዳሩን ሮጥን። ሌላ የምናደርገው አልነበረም።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በ2021 እ.ኤ.አ. ብቻ 300,000 ያህል ሰው በዓለም ላይ ውሃ ወስዶታል፣ አብዛኛው ደግሞ እንደኛ ባሉ አገሮች። ድርጅቱ ከሚመክራቸው ነገሮች አንዱ ለትምህርት የደረሱ ልጆችን ዋና ማስተማር ነው። እኔ ያለሁበት አገር ልጅ 6ኛ ክፍልን ሲጨርስ 200 ሜትር መዋኘት አለበት፣ ከዚያ ውስጥ 50ው በጀርባ። የሥርዓተ ትምህርቱ አካል ነው። ልጄ አምና አለፈ። እኔ እናቱ በ34 ዓመቴ ነው የተማርኩት፣ ከአሥር ሴቶች ጋር፣ ቅዳሜ ማታ።

ታና እያለ ምን ገንዳ ያስፈልጋል የሚል ይኖራል። ጎርጎራም ሄድን። መንገዱ ሰላም መሆኑን ጠይቀን፣ በቆላ ድባ አድርገን፣ 65 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሐይቁን ሳየው እንባዬ መጣ፣ ደንገል ታንኳው አሁንም እንደ ልጅነቴ ነው። ሐይቁ ላይ የምንሄድበትን ጀልባ ተከራየን። ዘጠኝ ሰው ነን፣ ላይፍ ጃኬት ሁለት። ሁለቱን ልጆቹ ለበሱ፣ እኔ መንገዱን ሁሉ የጀልባውን ጠርዝ ጨብጬ ሄድኩ። ካፒቴኑ ትሑት ሰው ነው፣ ሥራውንም ያውቃል፣ ግን ለጃኬት የሚሆን ትንሽ ገንዘብ ዋጋው ላይ ቢጨምርብን በደስታ እንከፍል ነበር። እናንተ ስትሄዱ ከመሳፈራችሁ በፊት ቁጠሩ። ልጆቹን ዳር ላይ እንዳይገቡም ከለከልኳቸው፣ ምክንያቱም በጎርጎራ አካባቢ ቢልሃርዚያ አለ፣ በሽታው የሚይዘው የተበከለ ውሃ ቆዳን ሲነካ ነው። ስለዚህ ሐይቁ አለላችሁ የሚለው መልስ ለልጆች ትምህርት አይሆንም።

ከበዓሉ በኋላ አጎቴ ቤት ተሰብስበን ነበር። ግማሾቻችን ከውጭ የመጣን፣ ግማሾቹ ነዋሪ። ነገሩን አነሳሁት። ወዲያው አንዱ «ገንዘብ እናሰባስብ፣ የኦሊምፒክ ደረጃውን የጠበቀ እናሠራለን!» አለ። ሁሉም አጨበጨበ። እኔ አላጨበጨብኩም። ስልኬን አውጥቼ ሒሳብ ገባሁ።

የኦሊምፒክ ገንዳ 50 ሜትር በ25 ሜትር ነው። ጥልቀቱ 2 ሜትር ቢሆን 2,500 ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 125,000 ጀሪካን ማለት ነው። አጎቴ ይሄንን ሲሰሙ «እንዴ! ሠፈሩ ጀሪካን ይዞ ተሰልፎ እያደረ አንቺ ገንዳ ልትሞይ ነው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ለከተማው ውሃ የሚሰጠው አንገረብ ግድብ በደለል እየሞላ፣ የመገጭ ግድብ ይደርሳል እየተባለ ዓመታት ሲቆጠሩ፣ ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ ይህን ጥያቄ ሳይመልስ ገንዳ ልሥራ የሚል ሰው ሕዝቡ ፊት መቆም የለበትም።

ግን መልስ አለው። 25 ሜትር በ12.5 ሜትር የሆነ፣ አማካይ ጥልቀቱ 1 ሜትር ከ30 የሆነ ገንዳ ለልጆች ትምህርት ይበቃል። የሚይዘው 400 ሜትር ኩብ ገደማ ነው። ጎንደር በዓመት ከ1,000 ሚሊሜትር በላይ ዝናብ ያገኛል፣ አብዛኛው በክረምት። 500 ካሬ ሜትር የሆነ አንድ የትምህርት ቤት ጣሪያ፣ የሚባክነው ተቀንሶ እንኳ፣ ወደ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰበስባል። ማለትም ያንን ገንዳ የሚሞላው ውሃ ዛሬ ከቆርቆሮ ላይ ወርዶ በቦይ ይሄዳል። ገንዳ በየሳምንቱ አይደፋም፣ በአግባቡ ከተጣራ ያው ውሃ ይቆያል። ቀን ቀን ይተናል፣ 4 ሚሊሜትር ቢተን እንኳ በቀን ከ60 ጀሪካን በላይ ነው። ለዚህ ማታ ማታ መሸፈኛ ያስፈልጋል፣ ሽፋኑ የጎንደርን የሌሊት ብርድም ይከለክላል። ሌላ ጣሪያ፣ ሌላ ማጠራቀሚያ ደግሞ ለመተኪያው።

ከውሃው ይልቅ የሚያስፈራኝ ገንዘቡ ነው፣ የግንባታው ሳይሆን የሚቀጥለው። እኛ የውጭ ሰዎች ግንባታ እንወዳለን። ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ስማችን ድንጋይ ላይ ይጻፋል። ያ የሆቴል ልጅ የነገረኝን አስታውሱ፤ መብራት ሄዶ ፓምፑ ሲቆም፣ ክሎሪን ሲያልቅ፣ ውሃው ለመበላሸት ሦስት ቀን ነው የሚፈጅበት። ሆቴል እንኳ የማይችለውን አንድ ትምህርት ቤት ብቻውን እንዲችል ሰጥተነው መሄድ ግፍ ነው። ስዊድንም ቢሆን የመግቢያ ትኬት ገንዳውን አያኖረውም። ኮሙኑ፣ ማለትም የከተማው አስተዳደር፣ ከግብር እየጨመረበት ነው የሚኖረው፣ ክለቦች በሰዓት እየተከራዩት፣ ቀን ቀን የትምህርት ቤት ልጆች እየገቡበት።

በ2008 ዓ.ም. ነሐሴ ዋናተኛችን ሮቤል ኪሮስ ሪዮ ኦሊምፒክ ላይ በ100 ሜትር ነፃ ቀዘፋ ከ59 ተወዳዳሪ 59ኛ ሲወጣ ስንት ሰው ዘበተበት። እኔም ያኔ አፍሬ ነበር፣ ዛሬ የማፍረው በዚያ ማፈሬ ነው። ልጆቻችን የሚማሩበት ገንዳ ስንት አለ ብሎ የጠየቀ ጥቂት ነበር።

አጎቴ ናቸው መፍትሔውን ያመጡት። «እድር ስንት ዓመት ቆየ? በወር በወር ስለሚከፈል ነው» አሉ። ስለዚህ በወር በወር የሚከፈል ነገር ላይ ተስማማን። መጀመሪያ የሁለት ዓመት ማስኬጃ፣ ማለትም የክሎሪን፣ የፓምፕ መለዋወጫ፣ የአንድ ጄኔሬተር ነዳጅ፣ የሁለት አሠልጣኝና የሁለት ነፍስ አድን ደመወዝ፣ ባንክ ሳይገባ አንድ ድንጋይ እንዳይነሳ። ከዚያ ከከተማ አስተዳደሩ መሬትና በጽሑፍ የሰፈረ ድርሻ። ጠዋት ለትምህርት ቤቶች በነፃ፣ ማታ ለሚከፍል፣ በሳምንት ሁለት ቀን ለሴቶች ብቻ። ያ ስለ ኦሊምፒክ ያወራው ሰውዬ መጀመሪያ ቅር ብሎት ነበር፣ በኋላ ሒሳቡን የሚይዘው እሱ እንዲሆን ተስማማን፣ ሙያውም ነው።

ከመመለሴ በፊት ያ የሆቴል ልጅ ጋ ሄጄ ለእህቴ ልጅ የአሥር ቅዳሜ ትምህርት ከፈልኩ። የመጀመሪያውን ቀን አብሬ ገባሁ። ጭንቅላቷን በመዳፌ ይዤ በጀርባዋ አስተኛኋት። ጆሮዋ ውሃ ሲነካ አንገቷ ደረቀ፣ የእጄን አንጓ ጥፍሯ እስኪሰማኝ ጨመቀችው። «ሰማይ እይ፣ ሆድሽን ወደ ላይ» አልኳት። ቀስ እያለች ለቀቀችኝ። ሁለት ሲቆጠር ሰመጠች፣ ሳቀች፣ ድጋሚ አለች።

ባለፈው ቅዳሜ እህቴ ቪዲዮ ላከችልኝ። ልጁ ከጎኗ ውሃው ውስጥ ቆሞ፣ እጁን ከሥሯ አውጥቶ ጮክ ብሎ ይቆጥራል። አሥራ አራት ደረሰ። በሚቀጥለው ቅዳሜ በሆድ ነው ብሏታል፣ መብራት ከኖረ።