ዜንቤዝ፦ ላብራቶሪ ለሌለው የባዮሎጂ መምህር

ወደ ገደለው ልግባ። ዜንቤዝ የሚባለው ድረ ገጽ ነፃ ነው። ለማየት መመዝገብ አያስፈልግም። የምትከፍሉት ጊዜና ዳታ ብቻ ነው። ነርቭና ዓይን ሽል ላይ እንዴት እንደሚጀምሩ ለምታስተምሩ ሰዎች ሁለቱም ያዋጣሉ ባይ ነኝ።

ዜኖፐስ በምትባል እንቁራሪት ላይ የተጠናው ነገር ሁሉ አንድ ቦታ የሚሰበሰብበት ድረ ገጽ ነው። የሠሩት በካናዳ የካልጋሪ ዩኒቨርሲቲና በአሜሪካ የሲንሲናቲ የሕፃናት ሆስፒታል ያሉ ቡድኖች ናቸው። በየላብራቶሪው የምትገኘው ዜኖፐስ ሌቪስ አገሯ ደቡባዊ አፍሪካ ነው። እኛም የራሳችን አለችን፤ ዜኖፐስ ላርጌኒ የምትባለው ከደቡብ ኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የትም አትገኝም። ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ ቀና ብለው ይቀመጣሉ።

ተመራማሪዎች ሌቪስን የሚመርጡበት ምክንያት ግልጽ ነው። እንቁላሏ አንድ ሚሊ ሜትር ያህል ስለሆነ በዓይን ይታያል። ሽሉ የሚያድገው ውኃ ውስጥ፣ ፊት ለፊታችሁ ነው። ሞቅ ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ሳይሞላ፣ በኋላ አንጎልና ሕብለ ሰረሰር የሚሆነው የነርቭ ቱቦ ይዘጋል። እኛ ጋ ግን ማይክሮስኮፕ እንጂ ሽል የለም። ይህን ምዕራፍ ለዓመታት ያስተማርኩት ሰሌዳ ላይ ክብ እየሣልኩ ነው።

አሁን ድረ ገጹ መፈለጊያ ላይ አር፣ ኤ፣ ኤክስ ብዬ በእንግሊዝኛ እጽፋለሁ። ለዓይን አፈጣጠር የሚያስፈልገው ራክስ የሚባለው ዘረመል (ጂን) ገጽ ይከፈታል። መጀመሪያ ግር ይላል። አንዱ ዘረመል ሁለት ሆኖ ይመጣል፤ አንዱ ኤል፣ ሌላው ኤስ የሚል ቅጥያ አለው። ነገሩ እንዲህ ነው። ሌቪስ ከሁለት የተለያዩ ዝርያዎች መዳቀል የመጣች ስለሆነች የሁለቱንም ክሮሞሶም ይዛ ቀርታለች። እሷ 36 ክሮሞሶም ሲኖራት ዘመዷ ትሮፒካሊስ 20 ብቻ አላት። ኤል ረጅሞቹን፣ ኤስ አጫጭሮቹን ያመለክታል። ይህን ካወቃችሁ ግማሹ ግርታ ለቀቃችሁ ማለት ነው።

የገጹ ትልቁ ሀብት ዘረመሉ የትና መቼ እንደሚሠራ የሚያሳዩት ፎቶዎች ናቸው። ሽሉ ውስጥ ዘረመሉ የሚሠራበት ቦታ በወይን ጠጅ ቀለም ይወጣል። ኋላ ታጥፎ የነርቭ ቱቦ የሚሆነው የነርቭ ንጣፍ ገና ጠፍጣፋ ሳለ ራክስ በፊት በኩል፣ ከግራ ወደ ቀኝ የተዘረጋ አንድ መስመር ነው። የነጠላ ጥለት ይመስላል። ትንሽ ያደገውን ሽል ስትከፍቱ ያ መስመር የለም። በቦታው፣ በግራና በቀኝ ሁለት ክብ ነጠብጣብ አለ። ሁለቱን ፎቶ ጎን ለጎን ሳሳይ አንዷ ተማሪ «ቲቸር፣ ዓይናችን መጀመሪያ አንድ ነበር እንዴ?» አለች። ምዕራፉ ማለት ይኼው ጥያቄ ነው። አዎ፣ መነሻው አንድ የዓይን መስክ ነው። ከሥሩ ካለው ሕዋስ የሚመጣ መልእክት መሐሉን ዓይን እንዳይሆን ይከለክለውና ለሁለት ይከፈላል። መልእክቱ ካልደረሰ ሽሉ ባለ አንድ ዓይን ሆኖ ይቀራል።

ከዚያ ወደ ሙከራዎቹ መሄድ ነው። እያንዳንዱ ዘረመል የተጠናባቸው ጽሑፎች እዚያው ተያይዘዋል። ከራክስ ጋር ፓክስ6፣ ሲክስ3ና ሌሎች ዘረመሎችም አብረው ይሠራሉ። እ.ኤ.አ. በ1999 ፓክስ6 ብቻውን ሽሉ ውስጥ ተጨምሮ ያለ ቦታው ዓይን አበቀለ። እ.ኤ.አ. በ2003 ደግሞ ተመራማሪዎች ከእነዚህ ዘረመሎች የተወሰኑትን ኦቲኤክስ2 ከሚባለው ጋር ቀላቅለው ሽሉ ውስጥ ሲጨምሩ፣ ከሥርዓተ ነርቭ ውጭ ሳይቀር ዓይን ወጣ። ተቃራኒው ለእኔ ይበልጥ ይገርመኛል። ትሮፒካሊስ ላይ ራክስ ሲበላሽ ዓይኑ አይወጣም፤ ዓይን ሊሆን የነበረው ሕዋስ ግን የፊት አንጎልን ጠባይ ይይዛል። ዓይን የአንጎል ቁራጭ መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ስለ ነርቭ አነሳስ ኖጊን የሚባለውን ዘረመል ፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ1992 በዚችው እንቁራሪት የተገኘ ነው። የሽሉ የላይኛው ሽፋን ቆዳ የሚሆነው «ቆዳ ሁን» የሚል መልእክት ስለሚደርሰው ነው። ኖጊን ያንን መልእክት ያፍናል፤ ያኔ ሽፋኑ ወደ ነርቭ ይሄዳል። የሕክምና ተማሪ ካላችሁ ደግሞ የሰው በሽታ የተዘረዘረበትን ክፍል አሳዩት። ፓክስ6 ከተወለዱ ጀምሮ የዓይን ብሌን ዙሪያ ያለው ባለቀለም ቀለበት (አይሪስ) ከመጥፋት ጋር የተያያዘ ነው።

የማልወድለት ነገር የለም ማለት አይደለም። ለተመራማሪ እንጂ ለጀማሪ የተሠራ አይደለም። ሁሉም በእንግሊዝኛ ነው፣ ያውም በምህጻረ ቃል የታጨቀ። የአንዳንዱ ዘረመል ፎቶ መዓት ነው፤ የአንዳንዱ ደግሞ የለም። ማመሳከሪያ ጽሑፎቹ ውስጥ አንዳንዶቹ አሳታሚው ዘንድ ክፍያ ይጠይቃሉ፤ ያ የድረ ገጹ ጥፋት ባይሆንም ኪስን ይነካል። ተማሪን ብቻውን «ግባና አንብብ» ብሎ መላክ አልመክርም። አምስት ደቂቃ ሳይሞላው ወደ ቲክቶክ ይመለሳል።

ድረ ገጹ ላይ ያሉት የሽል እድገት ሥዕሎች ግን ሌላ ናቸው። ኒውኮፕና ፋበር የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1956 የሽሉን እድገት በ66 ደረጃ ከፋፍለው ነበር፤ እስከ ዛሬ ሁሉም በዚያው ቁጥር ነው የሚግባባው። እ.ኤ.አ. በ2022 ሠዓሊዋ ናታልያ ዛንና ባልደረቦቿ 133 አዳዲስ ሥዕሎች አወጡ። ለንግድ እስካልሆነና ምንጩ እስከተጠቀሰ ድረስ አውርዶ መጠቀም ይቻላል። እኔ የነርቭ ንጣፉ የሚታጠፍባቸውን ደረጃዎች በትልቅ ወረቀት አሳትሜ ክፍል ውስጥ ለጥፌአለሁ። ጠርዞቹ ቀስ በቀስ እየተነሱ መሐል ላይ ሲገጥሙ ከኋላ ወንበርም ይታያል።

ለአስተማሪ ከአምስት አራት ተኩል፣ ለብቻው ለሚያነብ ተማሪ ሦስት እሰጠዋለሁ። ከሥዕሎቹ ጀምሩ፣ ከዚያ ራክስ፣ ከዚያ ፓክስ6። ክፍል ውስጥ በኔትወርክ አትተማመኑ፤ የምትፈልጉትን ማታ አውርዳችሁ ፍላሽ ላይ ያዙ።