«ኢአማኒነት ሃይማኖት ነው?» የ6 ሳምንት የኦንላይን ትምህርት፣ ተምሬ እንዳየሁት

ለዚህ ትምህርት የተመዘገብኩት ታናሽ ወንድሜን ለመርታት ነበር። ወንድሜ በፈጣሪ ማመን ካቆመ ሦስት ዓመት ሆኖታል። እኔ አማኝ ነኝ። አንድ ቀን በስልክ ስንከራከር ተናደድኩና «የአንተም እኮ ሃይማኖት ነው! አንተም ሰባኪ አለህ፣ አንተም መጽሐፍ አለህ» አልኩት። ዝም አለ። ቆይቶ «እትዬ፣ ሃይማኖት ማለት ላንቺ ስድብ ሆነ እንዴ?» አለኝ። መልስ አጣሁ። ጥያቄው ለሳምንታት ከጭንቅላቴ አልወጣም።

ትምህርቱ 6 ሳምንት ይፈጃል። በየሳምንቱ ሁለት የተቀዱ ቪዲዮዎች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 40 ደቂቃ ገደማ ናቸው። ንባብና አጭር የጽሑፍ ሥራ ይሰጣል። በሳምንት አንዴ ደግሞ ከአስተማሪውና ከሌሎች ተማሪዎች ጋር በቀጥታ እንወያያለን። አስተማሪው ረጋ ያሉ ሰው ናቸው። ስድስቱንም ሳምንት እሳቸው ራሳቸው አማኝ ይሁኑ አይሁኑ ማወቅ አልቻልኩም። ይህን በጣም ወደድኩላቸው።

የመጀመሪያው ሳምንት በትርጉም ይጀምራል። እንግሊዛዊው የባህል አጥኚ ኤድዋርድ ታይለር እ.ኤ.አ. በ1871 (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ሃይማኖትን በመንፈሳዊ አካላት ማመን ብሎ ተረጎመው። በዚህ ከሄድን ክርክሩ ገና ሳይጀመር ያልቃል። ወንድሜ ሃይማኖት የለውም፣ በቃ። ፈረንሳዊው የማኅበረሰብ ጥናት ሊቅ ኤሚል ዱርካይም ግን በ1912 ይህ አይበቃም አለ። ማስረጃው ቡድሂዝም ነበር። ፈጣሪ አምላክ ማዕከሉ ያልሆነ፣ ግን ሃይማኖት አይደለም ሊባል የማይችል ነገር ነው። ለዱርካይም ዋናው ጉዳይ የተቀደሰ የሚባል ነገር መኖሩ፣ በዚያ ዙሪያ እምነትና ሥርዓት መኖሩ፣ ያም ሰዎቹን አንድ ማኅበር አድርጎ ማስተሳሰሩ ነው። በዚህኛው ትርጉም በሩ ትንሽ ገርበብ ይላል።

እዚህ ጋ አስተማሪው ያላነሱት፣ በአማርኛ ለምናስብ ሰዎች ግን ትልቅ የሆነ ነገር አለ። ሃይማኖት የሚለው ቃላችን ከግዕዙ «ሃይመነ» ጋር የተያያዘ ነው፣ አመነ ማለት ነው። ኢአማኒ ስንል ደግሞ «ኢ» የግዕዝ አሉታ ናት፣ ያላመነ ለማለት። ስለዚህ «ኢአማኒነት ሃይማኖት ነው» የሚለው ዓረፍተ ነገር በጆሯችን «አለማመን ማመን ነው» የሚል ይመስላል። ገና ሳንመረምረው እርስ በርሱ ይጣላል። የላቲኑ «ሬሊጊዮ» እንዲህ አይደለም። አንዳንዶች ከማሰር ያመጡታል፣ ሌሎች ደጋግሞ በጥንቃቄ ከማየት። እምነት የሚለው ሐሳብ በቃሉ ውስጥ የለም። ለዚህ ነው እነሱ ጋ ጥያቄው ረጅም ዕድሜ ያለው፣ እኛ ጋ ደግሞ አንዱ ወገን ገና ከአፉ ሳይወጣ የተሸነፈ የሚመስለው። ይህን ሳስተውል በወንድሜ ላይ የወረወርኩት ቃል ምን ያህል እንደከበደ ገባኝ።

ቃል ካነሳን የትምህርቱን ትልቅ ድክመት ልናገር። ቪዲዮዎቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ከሥር የአማርኛ ጽሑፍ ይወጣል። ማሽን የተረጎመው መሆኑ ያስታውቃል። ኢአማኒነትን ከዳር እስከ ዳር «ሃይማኖት የለሽነት» ብሎታል። ክርክሩ እኮ እሱው ላይ ነው! መልሱን ትርጉሙ ውስጥ ጨምሮ ካቀበለን ምን እንማራለን? በሦስተኛው ሳምንት «አንዳንድ ቡድሂስቶች ሃይማኖት የለሽ ናቸው፣ ሆኖም ጥልቅ ሃይማኖተኞች ናቸው» የሚል ዓረፍተ ነገር ወጣ። በአምላክ አለማመንና ሃይማኖት አለመኖር አንድ አይደሉም። ፒው የተባለው የጥናት ማዕከል በ2010 በዓለም ላይ ከየትኛውም ሃይማኖት ጋር ራሳቸውን የማያቆራኙ ሰዎች 1.1 ቢሊዮን ገደማ እንደነበሩ ገምቷል፣ ከዓለም ሕዝብ 16 በመቶ ያህሉ ማለት ነው። ከእነዚህ ብዙዎቹ ግን በአምላክ ወይም በሆነ ከፍ ያለ ኃይል ያምናሉ። ሃይማኖት ሳይኖረው በአምላክ የሚያምን አለ። በፈጣሪ አምላክ ሳያምን ሃይማኖት ያለውም አለ። እንግሊዝኛ የምትችሉ ከሥር ያለውን ጽሑፍ አጥፉት።

ሁለተኛው ሳምንት ለብቻው የምዝገባውን ዋጋ ያወጣል። የሃይማኖት ጥናት ሊቁ ኒኒያን ስማርት ሃይማኖትን በሰባት ገጽታ ያየዋል፦ ሥርዓት፣ ትረካ፣ የውስጥ ተሞክሮ፣ አስተምህሮ፣ ሥነ ምግባር፣ ማኅበር፣ ቁሳዊ ነገር። የተሰጠን ሥራ የምናውቀውን አንድ ሰው መርጠን እነዚህን ሰባት ነገሮች መጠየቅ ነበር። ለወንድሜ ደወልኩለት። ከዚያ ጠብ ወዲህ በወጉ ስናወራ የመጀመሪያችን ነው።

«ሥርዓት አለህ? በየጊዜው የምታደርገው?» አልኩት። «ጥርሴን መቦረሽ ካልተቆጠረ የለኝም» አለኝ። አስተምህሮህስ? «አንድ ዓረፍተ ነገር ናት፤ አምላክ አለ ብዬ አላምንም። ከዚያ በኋላ ያለውን እያንዳንዳችን የየራሳችንን ነው የምናስበው።» ማኅበር? የለም። የተቀደሰ ቦታ ወይም ዕቃ? የለም። ሥነ ምግባር ላይ ስንደርስ ቆም አለ። «እሱ አለኝ። ግን ከአለማመን አይደለም ያገኘሁት፣ ከእናታችን ነው» አለኝ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ብዙ ቆየሁ። ቅጹ ላይ የጻፍኩት አንድ መስመር ተኩል ብቻ ነበር።

ውይይቱ ላይ ግን ሌላዋ ተማሪ ቅጿን ሞልታ መጣች። እሷ የጠየቀችው ሰው «ሰንደይ አሴምብሊ» የሚባለው ስብስብ አባል ነው። በ2013 ለንደን ውስጥ የተጀመረ፣ አምላክ የሌለበት ጉባኤ ነው። አብረው ይዘምራሉ፣ ንግግር ይሰማሉ፣ በጽሞና ይቆያሉ፣ ይረዳዳሉ። ሁለቱም ሰዎች ኢአማኒ ናቸው። አንደኛው ቅጽ ባዶ፣ ሌላኛው ሙሉ። ልዩነቱን ያመጣው አለማመናቸው ሊሆን አይችልም፣ በዚያ እኩል ናቸውና። ልዩነቱ የጉባኤው አባል በዚያ ላይ የሠራው ነገር ነው። እኔ ለጥያቄው መልስ ያገኘሁት ያን ዕለት ማታ ነው።

የታሪኩን ክፍል ቶሎ ልለፈው፣ እነሱም በጥድፊያ ነው ያለፉት። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ፈረንሳዊ ፈላስፋ ኦጉስት ኮምት አምላክን አስወጥቶ «የሰብአዊነት ሃይማኖት» የሚል መሥርቶ እንደነበር፣ እያንዳንዳቸው 28 ቀን ያላቸው 13 ወራት እንደቀመረ፣ ወራቱን በሙሴ፣ በሆሜር፣ በአርስቶትል ስም እንደጠራ ይነግሩናል። አንድ ነገር ግን ልቤን ነካው። ሮማውያን የጥንት ክርስቲያኖችን «አምላክ የለሾች» ይሏቸው ነበር፣ የከተማውን አማልክት አናመልክም ስላሉ። ሰማዕቱ ጀስቲን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ሲመልስ፣ እንዲህ ባሉት አማልክት በኩል አዎ አምላክ የለሾች ነን፣ በእውነተኛው አምላክ በኩል ግን አይደለንም ብሎ ጻፈ። የእኔ የእምነት አባቶች በዚህ ስም ተከሰው ሞተዋል። እኔ ደግሞ ዛሬ ይህን ስም በተሸከመው ወንድሜ ላይ በስልክ ስጮህ ነበር።

አምስተኛው ሳምንት ስለ ሕግ ነው፤ ከሁሉም በላይ በደንብ የተሰናዳው እሱ ነው። ሮይ ቶርካሶ የሚባል ሰው በሜሪላንድ ግዛት የውልና ማስረጃ ሹመት ተሰጥቶት ነበር። በአምላክ መኖር አምናለሁ ብሎ ለማረጋገጥ እምቢ በማለቱ ሹመቱን ተከለከለ። በ1961 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፈረደለት። በሌላዋ የአሜሪካ ግዛት በዊስከንሰን ደግሞ አንድ እስረኛ የኢአማኒዎች የጥናት ቡድን ላቋቁም ብሎ ተከለከለ። በ2005 የይግባኝ ፍርድ ቤቱ፣ ለሕገ መንግሥቱ ጥበቃ ሲባል ኢአማኒነት እንደ ሃይማኖት ይቆጠራል አለ። እዚህ ላይ ጥያቄው የቃላት ጨዋታ መሆኑ ያበቃል። ሃይማኖት አይደለም ካልን፣ ሃይማኖት ላላቸው እስረኞች የሚፈቀደው ለእሱ ሊከለከል ነው።

እኔን ያረካኝ ግን የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብቶች ኮሚቴ በ1993 ያወጣው ማብራሪያ ነው። የአስተሳሰብ፣ የኅሊናና የሃይማኖት ነፃነት በአምላክ የሚያምኑትንም፣ አምላክ የሌለበትን እምነትም፣ ኢአማኒነትንም ይጠብቃል ይላል፤ ምንም ያለመከተል መብትንም ጭምር። ኢአማኒነትን ሃይማኖት ብሎ መሰየም አላስፈለገውም። ጥበቃውን በእኩል ሰጠ። ሰውን የማይፈልገውን ስም ሳያሸክሙ መብቱን ማክበር ይቻላል ማለት ነው።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። የመጨረሻው ፈተና የመጀመሪያ ጥያቄ እንዲህ ይላል፦ «ኢአማኒነት ሃይማኖት ነው። እውነት ወይስ ሐሰት?» ስድስት ሳምንት ሙሉ ጥያቄው ለሁለት ቃል እንደማይመች ካስተማሩን በኋላ! እኔ ሐሰት ብዬ ነጥብ አገኘሁ። የሕጉን ክፍል አስቦ እውነት ያለው የቡድኔ ተማሪ ነጥብ አጣ። ይህ ልክ አይደለም ብዬ ጻፍኩላቸው። ከ10 ቀን በኋላ «አስተያየትዎ ደርሶናል» የሚል ለሁሉም የሚላክ መልስ መጣልኝ። ጥያቄው እስካሁን እዚያው አለ። ሊያነሱት ይገባል።

ደግነቱ የማጠቃለያ ጽሑፉን የሚያርሙት አስተማሪው ራሳቸው ናቸው። እኔ የጻፍኩት ይህን ነው። አምላክ አለ ብሎ ማመን ብቻውን ሃይማኖት አይደለም። ክርስትና ሃይማኖት ነው፣ እስልምና ሃይማኖት ነው፣ ይሁዲነት ሃይማኖት ነው። አምላክ አለ ማለት ግን ሦስቱም የሚጋሩት አንድ ሐሳብ ነው። ኢአማኒነትን ማወዳደር ያለብን ከዚያ ሐሳብ ጋር እንጂ ከሃይማኖቶቹ ጋር አይደለም። ወንድሜ ከኔ ሃይማኖት አንጻር የቆመ ሌላ ሃይማኖት የለውም። ለአንድ ጥያቄ የሰጠው መልስ ነው ያለው። አስተማሪው ከጽሑፌ ግርጌ «ታዲያ አንቺ ከዚያ መልስ ሌላ ምን አለሽ? እሱንም ጻፊው» ብለው መለሱልኝ። አሁን እየጻፍኩት ነው።

ከ5 ኮከብ 4 ሰጥቻለሁ። አንዱን የቀነስኩት ለትርጉሙና ለፈተናው ነው። ክርክር ለማሸነፍ የሚፈልግ ሰው አይመዝገብ፣ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ይከፋዋል። በቤቱ እንደኔ ዓይነት ጠብ ያለበት ግን ጊዜውን ቢሰጠው አይቆጭም።

ወንድሜ ለሚቀጥለው ዙር ተመዝግቧል። በአምስተኛው ሳምንት እንደማይስማማ ከወዲሁ ነግሮኛል። ለመብቱ ሲባልም ቢሆን ፍርድ ቤት ሃይማኖተኛ ብሎ እንዲቆጥረው አይፈልግም። ቪዲዮውን አብረን ለማየት ተቀጣጥረናል።