በአነስተኛ ዋጋ የትራይፖድ ሄድ መግዛት፦ በፒያሳ ገበያ የሚገኙት ዓይነቶች ሲመዘኑ

ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ ማቆሚያ) የሚገዛ ሰው አብዛኛውን ጊዜ እግሩን አይቶ ይመርጣል፤ ርዝመቱን ይለካል፣ ክብደቱን በእጁ ይመዝናል፣ አሉሚኒየም ነው ወይስ ካርቦን ፋይበር ብሎ ይጠይቃል። ካሜራውን በቦታው ይዞ የሚያቆየው ግን ከእግሮቹ በላይ ያለው ሄድ ነው። ደካማ እግር ዝቅ ተደርጎ ቢተከልና ከመካከለኛው ዘንግ ላይ ቦርሳ ቢንጠለጠልበት ይጸናል፤ ከጠበቀ በኋላ የሚንሸራተት ሄድ ግን በምንም ዘዴ አይጸናም። ስለዚህ ገንዘቡ ለሁለቱም የማይበቃ ከሆነ፣ እግሩ ባለበት ቆይቶ ሄዱ ቢለወጥ ይሻላል ባይ ነኝ።

በፒያሳና በአካባቢው ባሉ የካሜራ ሱቆች በርከት ብለው የሚገኙት ርካሽ ሄዶች የቻይና ምርቶች ሲሆኑ፣ አንዱ ቅርጽ በተለያየ ስምና በተለያየ ሳጥን ይቀርባል፤ ስለዚህ ከስሙ ይልቅ አሠራሩን መመርመር ያዋጣል። የዋጋ ቁጥር ከዚህ አላስቀምጥም፤ ብር በገበያ እንዲተመን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ዋጋ ቶሎ ቶሎ ስለሚለዋወጥ፣ ዛሬ የተጻፈው ለነገ ገዢ አይጠቅመውም።

ገበያ ከመውጣት አስቀድሞ በእጅ ያለው ትራይፖድ ሄዱ የሚፈታ መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል፤ በጣም ርካሽ በሆኑት ላይ ሄዱ ከመካከለኛው ዘንግ ጋር አንድ ሆኖ ስለተሠራ ሊለወጥ አይችልም። የሚፈታ ከሆነ ሥሩ አብዛኛውን ጊዜ 3/8 ኢንች የሆነ ብሎን ይገኛል፤ ካሜራው ሥር የሚገባው ደግሞ 1/4 ኢንች ነው። ሁለቱን የሚያስማማ፣ በሳንቲም የሚጠብቅ ትንሽ ባለ ጥርስ ማስማሚያ (ቡሽ) ስላለ ልዩነቱ ብዙ አያስቸግርም። የሚያስቸግረው የጠፋን ብሎን በ6 ሚሊሜትር ብሎን ለመተካት መሞከር ነው፤ ውፍረቱ ለዓይን ከ1/4 ኢንቹ ጋር ቢመሳሰልም የጥርሱ ርቀት ስለሚለያይ የካሜራውን ጥርስ ይበላዋል።

ወደ ሱቁ ሲገባ በመጀመሪያ የሚሰማው ቃል «ወንድሜ፣ ይህ 15 ኪሎ ይሸከማል» የሚለው ነው። ሻጩ ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን ስላነበበ አይወቀስም፤ ነገር ግን አምራቾች ይህን ቁጥር የሚያወጡበት የጋራ መለኪያ ስለሌላቸው፣ የአንዱ 15 ኪሎ ከሌላው 8 ኪሎ የተሻለ ነው ማለት አይቻልም። ከዚህም በላይ፣ ሄዱን የሚያስጨንቀው በቀጥታ ወደ ታች የሚጫነው ክብደት ሳይሆን ወደ ፊት የሚጎትተው ነው። ለምሳሌ ካኖን 6ዲ ማርክ 2 ከነባትሪው 765 ግራም፣ የካኖን 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ሁለተኛው ትውልድ ደግሞ 805 ግራም ይመዝናሉ፤ ድምሩ ከ1.6 ኪሎ አያልፍም። ሌንሱ የራሱ የትራይፖድ ቀለበት (በካሜራው ፈንታ ሌንሱ ሄዱ ላይ የሚታሰርበት) ስለሌለው ግን የክብደቱ ማዕከል ከሄዱ ፊት ለፊት ይወድቅና ሄዱን ያለማቋረጥ ወደ ታች ይስበዋል። የ70-200 ኤፍ 2.8 ሌንስ ከዚህኛው እጥፍ ገደማ ቢከብድም፣ በቀለበቱ ከታሰረ ሚዛኑን ስለሚጠብቅ ለሄዱ ቀለል ሊል ይችላል።

የሄድ ጥራት የሚለየው በአንድ ነገር ነው፤ ይኸውም ከጠበቀ በኋላ እጅ ሲለቀው ምን ያህል ይወርዳል የሚለው ነው። የመውረዱ ጉዳት በሌንሱ ይወሰናል። ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ካሜራ በ200 ሚሊሜትር ሌንስ ከላይ እስከ ታች የሚያየው 7 ዲግሪ ገደማ ብቻ ስለሆነ፣ ግማሽ ዲግሪ መውረድ ማለት ከምስሉ ቁመት 7 በመቶ ያህል መሳት ነው፤ ይህም በ24 ሜጋፒክስል ካሜራ ወደ 290 ፒክስል ይደርሳል። በ24 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ያው ግማሽ ዲግሪ ከ1 በመቶ በታች ስለሚሆን ልብ አይባልም። በመሆኑም ሰፊ ሌንስ ብቻ ያለው ሰው ርካሹን ሄድ ያለ ሥጋት መግዛት ይችላል፤ የመስቀል ደመራን ከሕዝቡ ጀርባ ሆኖ በረጅም ሌንስ ማንሳት የሚፈልግ ግን ጠበቅ አድርጎ መምረጥ አለበት።

ይህን እዚያው ሱቅ ውስጥ መፈተን ይቻላል። ካሜራውን ሚዛኑን ከሚያዛባው ሌንስ ጋር ይዞ ሄዶ፣ በላይቭ ቪው (በካሜራው ስክሪን) ምስሉን አጉልቶ፣ ከመንገዱ ማዶ ባለ የማስታወቂያ ሰሌዳ አንድ ፊደል ላይ ማነጣጠር፣ ሄዱን ማጥበቅ፣ እጅን መልቀቅና ግማሽ ደቂቃ ያህል ፊደሉን መመልከት ነው። ፊደሉ ጥቂት ከፍ ብሎ ከቆመ በረጅም ሌንስ ለሚሠራ ሰው እንኳ ይቻላል፤ ሳያቋርጥ ከተጓዘ ግን ሄዱ የሚጠቅም አይደለም። «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» በሚባልበት ገበያ ይህን ፈተና የማይፈቅድ ሻጭ ካጋጠመ ሌላ ሱቅ መሞከር ነው።

በዚህ መለኪያ ሲታይ፣ በአነስተኛ ዋጋ ከሚገኙት ሁሉ የምመርጠው ኳሱ 36 ሚሊሜትር ገደማ የሆነውን ቦል ሄድ (ካሜራው በአንድ ኳስ ላይ ወደ ሁሉም አቅጣጫ የሚዞርበትን) ነው። ኳሱ በሰፋ ቁጥር ሰበቃው ከመዞሪያው ማዕከል ይርቃል፤ ስለዚህ በእኩል ኃይል ቢጠብቅም አጥብቆ ይይዛል። ከ30 ሚሊሜትር በታች የሆኑት ትናንሾቹ ለስልክና ለቀላል ሚረርለስ (ውስጡ መስታወት የሌለው) ካሜራ እንጂ ለከባድ ሌንስ አይሆኑም። ሄዱን ግራና ቀኝ የሚያዞረው የታችኛው መዞሪያ መቆለፊያ ከኳሱ መቆለፊያ የተለየ መሆን አለበት፤ ሦስተኛ የፍሪክሽን (የሰበቃ) ማስተካከያ ቢኖረው መልካም ነው፣ በርካሾቹ ላይ ግን ብዙም የሚሠራ አይደለም። አንድ ጉድለቱን አስቀድሞ ማወቅ ይገባል፦ በተለመደው ቦል ሄድ መዞሪያው ከኳሱ በታች ስለሆነ፣ ካሜራው ቀጥ ቢልም መዞሪያው እንደ እግሮቹ እንዳጋደለ ይቀራል። እንደ ቸርችል ጎዳና ባለ ቁልቁለት ላይ ቆሞ ከማዘጋጃ ቤት እስከ ለገሃር ያለውን በፓኖራማ ማንሳት የሚሻ ሰው መጀመሪያ እግሮቹን በማስረዘምና በማሳጠር ሥሩን ማስተካከል አለበት፤ አለዚያ አድማሱ በየፎቶው እየተንጋደደ ይሄዳል።

ባለ ሦስት እጀታው ሄድ እያንዳንዱን አቅጣጫ ለየብቻ ስለሚያንቀሳቅስ ለዕቃ ፎቶና ለሕንፃ ይስማማል፤ ባለ ስምንት ጎኑን የቅዱስ ጊዮርጊስ ካቴድራል ግድግዳዎች ቀጥ አድርጎ ለማንሳት ከቦል ሄድ ይበልጥ ያመቻል። እጀታዎቹ ግን ቦርሳ ውስጥ ስለማይመቹ ከስቱዲዮ ለማይወጣ ሰው እንጂ ለሌላው አልመክረውም።

የሠርግ ቪዲዮ ለሚሠሩ ነገሩ ሌላ ነው። ርካሽ ሄዶች ላይ «ፍሉይድ» የሚል ጽሑፍ ቢኖርም፣ በአብዛኛው ውስጣቸው ያለው ግሪስ የተቀባ ሰበቃ እንጂ በተዘጋ ክፍል የሚሠራ ፈሳሽ አይደለም። ልዩነቱ በሁለት ቦታ ይታያል፦ እንቅስቃሴ ሲጀመር በድንገት ይዘላል፣ ሲቆምና እጀታው ሲለቀቅ ደግሞ ትንሽ ወደ ኋላ ይመለሳል። ሙሽሮች ሲገቡ በዝግታ ለመከተል ሁለቱም ያበላሻሉ። የቪዲዮ ሥራ መተዳደሪያው የሆነ ሰው በዚህ ዋጋ አዲስ ከመግዛት ገንዘብ ጨምሮ ያገለገለ ጥሩ ሄድ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሄዱ ከሥራ የሚወጣው ከመበላሸቱ ይልቅ ፕሌቱ (ካሜራው ሥር ታስሮ ሄዱ ላይ የሚገባው ጠፍጣፋ ብረት) በመጥፋቱ ሊሆን ይችላልና፣ የፕሌቱ ዓይነት ከኳሱ ስፋት እኩል ሊታይ ይገባል። 38 ሚሊሜትር ያህል ስፋትና ሰያፍ ጠርዝ ያለው የአርካ ስዊስ ዓይነት ፕሌት በብዙ አምራቾች ስለሚሠራ አንዱ ቢጠፋ ሌላ ይገኛል፤ ልኩ ግን ከአምራች አምራች በጥቂቱ ስለሚለያይ ተጨማሪውን ፕሌት እዚያው በሄዱ ላይ አስገብቶ መፈተሽ ነው። ያገለገለ ማንፍሮቶ ባለ አርሲ2 (የማንፍሮቶ የራሱ የፕሌት መያዣ) ሄድ ሲገኝ ሥራው ጠንካራ ነው፣ ሆኖም የሚቀበለው 200ፒኤል የተባለውን ፕሌት እንጂ የአርካውን አይደለም። ሻጩ ፕሌቱ ስለጠፋ ዋጋ ቀነስኩ ቢል እንኳ፣ ፕሌቱ ተገኝቶ ካሜራው ላዩ ላይ እስኪታሰር ድረስ ቀብድ ባይሰጥ ይመረጣል።